ምንጩ ያልታወቀ ልዩነት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ስይዝ 11 ዓመት ሆኖኛል። በኛ ሥራ ትልቅ ልዩነት አያስፈራም። የ30 ሺህ ብር ጉድለት አንድ የተረሳ ደረሰኝ ነው፤ ቶሎ ይገኛል። እንቅልፍ የሚነሳው የ9 ብር ልዩነት ነው። 9 ብር ካየሁ መጀመሪያ የምፈልገው የተገለበጠ ቁጥር ነው፤ 54 መባል ሲገባው 45 የተባለ። ደረሰኝ ለደረሰኝ ስንፈልግ ማታ 2 ሰዓት የሆነብን ቀን አለ። ሳይገኝ የቀረ ግን የለም። በ11 ዓመት አንድም ጊዜ።

ደሜ ውስጥ ምንጩ የማይታወቅ ቁጥር ሲገኝ እንደዚያ የተሸበርኩት ለዚህም ጭምር ይመስለኛል። ልዩነት ካለ ምክንያት አለ። ምክንያት ካለ ይገኛል። እኔ የማውቀው ይህን ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ አምና ጥቅምት ላይ ነው። ቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር። አንድ ሰው አውራ ጣቱን አስገብቶ ቀስ እያለ የሚጫነኝ ይመስለኛል። ጠዋት ደህና ሆኜ እነሳለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ጎንበስ ብዬ መዝገብ ሳገላብጥ ይጀምረኛል። አንዳንዴ ወደ ጀርባዬ ይዞራል።

ስሙን ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር። ጨጓራ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ጨጓራ አሉ። ፋርማሲው ጨጓራ አለ። ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ «ያንቺማ የታወቀ ጨጓራ ነው፤ ተልባ ጠጪ» አለችኝ። ተልባ ጠጣሁ። ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን፣ ከዚያ ለ28 ቀን ዋጥኩ። ቀጥሎ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተብዬ ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ለሁለት ሳምንት ወሰድኩ። አፌ ብረት ብረት ሲለኝ ሰነበተ። ሕመሙ ሲብስብኝ ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ ዲክሎፌናክ እወስድ ነበር። አውራ ጣቱ ከቦታው አልተነሳም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። «ሆዴን አሞኛል» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሆዳችን የምግብ ማስቀመጫ ብቻ መቼ ሆነ! ምሥጢር የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ቂም የሚያዘውም እዚያው ነው። ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፤ ስናዝን ሆዳችን ይባባል፤ የምናምነው ሰው ስናገኝ የሆዳችንን እናጫውተዋለን። እኔም ላገኘሁት ሁሉ «ሆዴን» እያልኩ ከረምኩ። እነሱም የሚያውቁትን የሆድ መድኃኒት ሰጡኝ። በመጨረሻ አንዲት ጤና መኮንን «እስቲ በአንድ ጣትሽ አሳዪኝ» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ በመዳፌ ሙሉ ነበር የማሳየው። ጣቴን ሳሳርፍ እኔም ራሴ ቦታውን ገና ያወቅኩት መሰለኝ። እጇን እዚያ አድርጋ «ትንፋሽ ሳቢ» አለችኝና የጉበት ምርመራ ጻፈችልኝ። ያችን ጥያቄዋን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ውጤቱ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ኤች የምትል ፊደል ታትማለች፤ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ኤስ ጂ ፒ ቲ 118። ኤስ ጂ ኦ ቲ 76። ከጎናቸው የተጻፈው ጤነኛው መጠን ከ40 በታች ይላል። ወረቀቱን የሰጠኝ ሰው ኮሪደር ላይ እንደቆመ «ጉበትሽ ተጎድቷል፤ ሐኪም ይይልሽ» አለኝና የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሐኪሙ የሚገባው ሰኞ ነው።

ያን ሦስት ሌሊት ለማንም አልመኝም። ጉበት ታመመ ከተባለ በኛ ሰፈር ሁለት ነገር ነው የሚታሰበው። ወይ ጠጪ ነው፤ ወይ አይተርፍም። እኔ ጠላ እንኳ ለበዓል ካልሆነ አልቀምስም። ስለዚህ የቀረችልኝ ሁለተኛዋ ነች። ቅዳሜ ሌሊት ተነስቼ የ7 ዓመት ልጄን ተኝታ አየኋት። ብርድ ልብሱን ረግጣ ጥላዋለች። አለበስኳት። መልሳ ረገጠችው። እንደገና አለበስኳት። እስኪነጋ እዚያው እግሯ ሥር ተቀምጬ ነበር። ያ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምርልኝ ኖሮ፣ «ይህ ቁጥር በብዙ ምክንያት ከፍ ይላል» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ እንቅልፍ ባይወስደኝ እንኳ ልጄን ለመሰናበት አላያትም ነበር።

ሰኞ ያገኘኋቸው የውስጥ ደዌ ሐኪም በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባው ላይ ጉበት ሣሉልኝ። ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል አሉኝ። ያስረዱኝን እንደገባኝ ልናገረው። እንስራ ስንጥቅ ሲኖረው ውጭው ይረጥባል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚለኩት ያንን እርጥበት ነው። የጉበት ሴል ሲጎዳ በውስጡ የነበረው ኢንዛይም ወደ ደም ይወጣል። እንስራው አሁንም ውሃ መያዝ አለመያዙን የሚናገሩት ሌሎች ምርመራዎች ናቸው፤ አልቡሚን፣ ቢሊሩቢን፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበት ጊዜ። የኔ እነዚያ ሁሉ ደህና ነበሩ። «ጉበትሽ ሥራውን እየሠራ ነው። የሆነ ነገር ግን እያስቆጣው ነው» አሉኝ። ኤስ ጂ ኦ ቲ የሚሉት ከጡንቻና ከልብም ሊመጣ እንደሚችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጉበት ውስጡ ሕመም እምብዛም እንደማይሰማው፣ የሚያመው ሽፋኑ ሲወጠር እንደሆነም ነገሩኝ።

ከዚያ «በሦስት ወር ውስጥ የዋጥሽውን ሁሉ ቁጠሪልኝ» አሉ። ቆጠርኩ። ለባክቴሪያው የተሰጡኝም፣ ዲክሎፌናኩም ጉበትን ሊያስቆጡ የሚችሉ ናቸው። ሁሉንም አቁመሽ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሽ ተባልኩ። ጥር ላይ ኤስ ጂ ፒ ቲው 94 ሆነ። ወርዷል፤ ግን ቦታው አልደረሰም።

እናቴ ነገሩን የሰማችው ያኔ ነው። እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ስልክ ላይ ምንም አላለችም። በማግሥቱ መጣች። ቤት እንደገባች በሩ ጋ ብርሃን ላይ አቆመችኝና በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳበችው። ጣቷ ሻካራ ነው፤ ቡና ቡና ይሸታል። ትንፋሿን ይዛ አየች። አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን። «ነጭ ነው» አለች። ከዚያ ነው የተቀመጠችው።

የምትፈልገው ቢጫ ነበር። እኛ ጋ የጉበት በሽታ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው። የሌሊት ወፍ ሽንቷን ስትጥልብህ ይይዝሃል ይባላል። ልጅ ሆነን ሲመሽ ራሳችንን በነጠላ የምንሸፍነው ለዚህ ነበር። የሌሊት ወፍ ምንም አላጠፋችም። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሕፃናት የሚከተቡት ክትባት ውስጥ የዚህም መከላከያ አለ። ልጄ ወስዳለች። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በፊት ነው፤ ስለዚህ ተመረመርኩ። ሄፓታይተስ ቢ የለም፤ ሌላው ዓይነት፣ ሲም የለም። አልትራሳውንዱም ጉበቴ መጠኑ ልክ ነው፣ ስብ የለውም፣ የሐሞት ጠጠር የለም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰታል። እኔ ከአልጋው ወርጄ ሆዴ ላይ የቀረውን ቀዝቃዛ ቅባት ስጠርግ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «የለም» በተባልኩ ቁጥር ያቺ 94 ይበልጥ ብቻዋን ትቀር ነበር።

ያደግኩበት ቦታ ሲሰማ ጥያቄው ተለወጠ። ጣና ዳር ላደገ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ቢልሃርዚያ ነው። ውሃ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ የሚለቀው እጭ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሏ የምትጥለው እንቁላል በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ ዓመታት ሲቆይ ጉበቱን ጠባሳ ያደርገዋል። እኔ ደግሞ ከደንገሉ መሀል ስዘልና ስዋኝ ያደግኩ ነኝ። እናቴ እዚያው ዳር ላይ ነጠላዋን በእንዶድ ታጥብ ነበር። አክሊሉ ለማ የሚባሉት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው እንዶድ የዚህን በሽታ ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም ያሳዩት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የእናቴ እንዶድ ግን ውሃ ውስጥ ከምዘለው ከኔ ጋር እኩል መሄድ አልቻለም።

ሰገራ አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይ ሊያመልጥ ስለሚችል በሦስት የተለያዩ ቀናት ሰጠሁ። ምንም አልተገኘም። ለማንኛውም ተብሎ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የቢልሃርዚያ መድኃኒት በክብደቴ ልክ ተሰጠኝ። አንድ ቀን አዞረኝ። ቁጥሩን አላንቀሳቀሰውም።

አሁን ለሐኪሙ ያልነገርኳቸውን ልናገር።

የካቲት ላይ እናቴ በሃይላንድ ጠርሙስ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይዛልኝ መጣች። ጣና ማዶ ያለች አንዲት አዋቂ የቀመመችው ነው። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ሲኒ። ምን ቅጠል እንደሆነ ጠየቅኳት። «ስሙ ከተጠራ አይሠራም» አለች። እናቴ ለዚያ ጠርሙስ ስንት ብር እንደከፈለች፣ በምን ያህል ልመና እንዳገኘችው አውቃለሁ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ለ9 ቀን ጠጣሁ። መራራነቱ እስከ ምሳ ሰዓት ምላሴ ላይ ይቆይ ነበር።

መጋቢት ላይ 131 ሆነ።

ሐኪሙ «አዲስ የወሰድሽው ነገር አለ?» አሉኝ። የለም አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ ብዙ አስቤበታለሁ። እሳቸውን ፈርቼ አልነበረም። እናቴን አሳልፌ የሰጠኋት ስለመሰለኝ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እኔ የደበቅኩት ግን መድኃኒቱን ነው። በሁለተኛው ሳምንት አልቻልኩም፤ ተመልሼ ሄጄ ነገርኳቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እስክሪብቷቸውን አነሱና «ስንት ቀን? ስንት ሲኒ?» ብቻ አሉ። ጻፉት። ቀና ብለው «እናትሽ ስለምትወድሽ ነው። አሁን ግን እንደምትወድሽ በሌላ መንገድ ታሳይሽ» አሉኝ።

ለእናቴ የነገርኳት እኔው ነኝ። ቁጥሩ ከፍ ብሏልና ለጊዜው ሁሉንም ነገር አቁሚ ተብያለሁ አልኳት። የመጋቢቱን ቁጥርና የካቲትን አንድ ላይ አልጠራሁባትም። አስተውላ ይሆናል። ጠርሙሱን አጥባ ውሃ ሞላችበት።

ፋሲካ ላይ ሌላ ጥያቄ መጣ። የጉበት ትል። የጣና ዳር ረግረግ ሣር የሚግጥ በግና ከብት ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ነው። ሰውም ውሃ ዳር የሚበቅል ቅጠል በጥሬው ከበላ ወይም ያልተጣራ ውሃ ከጠጣ ይይዘዋል። ለቢልሃርዚያ የወሰድኩት መድኃኒት ይህን አይነካውም፤ የዚህ መድኃኒት ትሪክላቤንዳዞል የሚባል ሌላ ነው። ምርመራው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ትል ያለበት ጉበት የበላ ሰው፣ ሳይታመም የትሏ እንቁላል በሰገራው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ለአንድ ሳምንት ጉበት እንዳትቀምሺ ተባልኩ። በፋሲካ ሳምንት!

ወንድሜ ቤት በግ ታረደ። ዱለቱ ሲቀርብ ሳህኑን አሳለፍኩት። የወንድሜ ሚስት ፊቷ ጠቆረ። ወንድሜ ምክንያቱን ሲሰማ ተነስቶ ለነገ የተቀመጠውን የጉበት ቁራጭ ከጓዳ አመጣና በቢላዋ ጫፍ የሐሞት ቱቦውን ሰነጠቀው። ጫን ሲለው ቅጠል የሚመስል ጠፍጣፋ ነገር ወጣ። ግራጫ፣ ጠርዙ ቡናማ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል። ሳህኑ ላይ በዝግታ ታጠፈና ተዘረጋ። ሁላችንም ዝም አልን። ቀኝ ጎኔን በእጄ እንደያዝኩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የኔ ሰገራ ውስጥ አልተገኘም። የደም ናሙናዬ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ሰውነት የራሱን ጉበት የሚያጠቃበት በሽታም ተፈተሸ። እሱም የለም። ቁጥሩ በሚያዝያ 88 ነበር። ሐምሌ ላይ 63።

ሐምሌ ላይ ሐኪሙ «ምክንያቱን አላወቅነውም» አሉኝ። ቃል በቃል። በመርፌ ከጉበት ናሙና መውሰድ እንደሚቻል፣ ቁጥሩ እየወረደ ሳለ ግን ጥቅሙ ከአደጋው እንደማይበልጥ አስረዱኝ። በየሦስት ወሩ እንለካለን። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ሻይ ከመሰለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድሽ ካበጠ ወይም ደም ካስመለሰሽ በዚያው ቀን ነይ። ከዚያ ውጪ ኑሪ።

ኑሪ። እንዴት ነው የሚኖረው? ማታ ማታ ስልኬ ላይ አነብ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ እንደቆየ ያነበብኩት ያኔ ነው። ተመራማሪዎች በኋላ ጣታቸውን የቀሰሩት አጀራተም የሚባል አረም ውስጥ ባለ መርዝ ላይ ነበር። የነሱ በሽታ ከኔ ጋር አይገናኝም፤ የነሱ መከራ ነው። እኔ የማስበው ግን እነዚያ እናቶች «አልታወቀም» እየተባሉ ያሳለፏቸውን ዓመታት ነው። እየተባሉም እህል ይፈጩ ነበር፤ ልጅ ይመግቡ ነበር። አንዳንድ ሌሊት እነሱን ሳስብ ነው የምተኛው።

በመሥሪያ ቤታችን ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ሲገባ አይጣልም፤ ያላግባብ ወደ አንዱ ሒሳብም አይጨመርም። ምንጩ እስኪታወቅ ለብቻው የሚቀመጥበት ገጽ አለው። ለቁጥሬ እንደዚያ ያለ ደብተር አዘጋጀሁለት። ቀን፣ ውጤት፣ የወሰድኩት መድኃኒት፣ የበላሁት፣ ሕመሙ ከ10 ስንት። የቅጠሉን 9 ሲኒም ጻፍኩት። ለጨጓራ ብዬ የዋጥኩትንም። የቀረውን የማላውቀውን ከማውቀው ጋር አልደባለቅኩትም።

ደብተሩ አንድ ጊዜ በደንብ አገለገለኝ። የኔ ሐኪም ነሐሴ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አዲሱ ወጣት ነው፤ «እህቴ» ነው የሚለኝ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበ። «ሕመሙ ሁልጊዜ ጎንበስ ስትይ ነው የሚጀምረው?» አለ። እኔ በጽሑፌ ውስጥ አላየሁትም ነበር። አስተኛኝና የሚያመኝን ቦታ በጣቱ ተጭኖ «አሁን ጭንቅላትሽን ብቻ ከትራሱ ቀና አድርጊ» አለኝ። ቀና ሳደርግ ሕመሙ ባሰ። ሕመሙ ከውስጥ ቢሆን ኖሮ የሆድ ጡንቻ ሲወጠር ይከላከልለትና ይቀንስ ነበር፤ የባሰው ከሆድ ግድግዳው፣ ከጡንቻው ወይም ከነርቩ ስለሚመጣ ሊሆን ይችላል አለኝ።

ማለትም ሕመሙና ቁጥሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ስደምራቸው ነበር። ጎኔን ባመመኝ ቁጥር ጉበቴ ሲያልቅ ይታየኝ ነበር። ያን ቀን ከሆስፒታሉ ስወጣ ባጃጅ አልያዝኩም። በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ጣና ዳር በእግሬ ሄድኩ። ጎኔን እያመመኝ ነበር፤ አላስፈራኝም። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል እንደዚያ ስራመድ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንበሬን ከፍ አደረግኩት፤ ጎንበስ ማለት ቀነሰልኝ። ሕመሙ ከ10 ስድስት የነበረው ብዙውን ቀን ሁለት ነው። አንዳንድ ቀን አምስት ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ የመስከረሙን ውጤት ይዤ ዘጌ ሄድኩ። እናቴ ቡና እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። እናቴ ማንበብ አትችልም። የቁጥሮቼን ቅደም ተከተል ግን በቃሏ ይዛዋለች።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«ሃምሳ ሰባት።»

«በሐምሌ ስልሳ ሦስት አልነበር?»

«አዎ እማ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ነይ አለችኝ። በሩ ጋ ወሰደችኝ፤ ዓይኔን ገልጣ አየች። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ሰፌዱን አንስታ ግማሹን ፍሬ ወደኔ ገፋችልኝና አብረን መልቀም ጀመርን። የመጨረሻው ጀልባ 11 ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው።